ሳይታይ የሚኖር ውበት ለማን ነው?

በጉለሌ፥ ዊንጌት እየተባለ በሚጠራው ሠፈር ከሚማሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደርሶናል። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን የጥያቄውን ያህል አጭር ሊሆን አልቻለም። ወጣቶቹ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት የዛፍ እንቁራሪት ሥዕል አይተዋል። ጀርባዋ እንደ ለምለም ቅጠል አረንጓዴ፥ ጎንና ጎንዋ በሰማያዊና በቢጫ የተሸለመ፥ የእግርዋ ጣቶች ብርቱካን የመሰሉ፥ ዓይኖችዋም እንደ ፍም የቀሉ ናቸው፤ የምትኖረውም በመካከለኛው አሜሪካ፥ ዝናም በሚበዛበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ነው። ይህንንም አይተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ የሚታየው ፍጥረት ሁሉ ለሰው እንደ ተፈጠረ ተምረናል፤ ይህች ፍጥረት ግን ቀን ከቅጠል ተጣብቃ የምትተኛ፥ ሌሊት ብቻ የምትወጣ፥ ሰው እምብዛም በማይደርስበት የዛፍ ከፍታ ላይ የምትኖር ናት፤ እጅግ ብዙ ትውልድዋም ማንም ሰው ሳያየው አልፏል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ጌጥ ለማን ዓይን ተሠራ? ለሰው ከሆነ ሰው አላየውም፤ ለሰው ካልሆነስ የተማርነው ትምህርት እንዴት ይሆናል?

ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው። ምናልባት ከአንባብያን መካከል፥ ስለ ነፍስ መዳን በሚነገርበት መጽሔት ላይ ስለ እንቁራሪት መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም ይሆናል። እንዲህ ለሚለው ሰው የምንመልስለት ከራሳችን አንቅተን አይደለም። ታላቁ አባት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ለሕዝቡ ባስተማረ ጊዜ፥ ውሃ ሁሉ በፈጣሪው ትእዛዝ ሕይወት ያላቸውን እንዳስገኘ ሲያስረዳ፥ ባሕሩንና ወንዙን ብቻ ተናግሮ አላለፈም፤ ረግረጉና ጭቃው እንኳ ሥራ ፈትቶ እንዳልቀረ ሲገልጽ እንቁራሪትን በስምዋ ጠርቷታል። በአራተኛው መቶ ዓመት ለቂሣርያ ምእመናን በተሰጠ ስብከት ውስጥ የተጠራች ፍጥረት፥ በዛሬ መጽሔት ላይ ብትጠራ ነውር የለበትም።

አስቀድመን ትምህርቱን እናስታውስ። መምህራኖቻችን በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩት ሃያ ሁለት ናቸው ብለው ያስተምራሉ፤ ከእነዚህም ሰውና መላእክት የፈጣሪያቸውን ስም እንዲቀድሱ፥ ክብሩንም እንዲወርሱ ተፈጥረዋል፤ የቀሩት ሃያው ደግሞ ለአንክሮና ለተዘክሮ፥ ለምግበ ሥጋና ለምግበ ነፍስ ናቸው። በዕለተ ሐሙስ ከውሃ የተገኙትም በልብ የሚሳቡ፥ በእግር የሚሽከረከሩ፥ በክንፍ የሚበሩ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። እንቁራሪት በውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ በጅራትዋ እየዋኘች አድጋ፥ በኋላ እግር አብቅላና ጅራትዋን ጥላ ወደ የብስ የምትወጣ ስለ ሆነች፥ የዚያን ዕለት ሥራ በየዓመቱ በዓይናችን ፊት የምትደግም ትመስለናለች። ይህ የእኛ አስተያየት ነው እንጂ የመምህራን ትርጓሜ አይደለም።

የወጣቶቹ ጥያቄ የሚያርፈው እንግዲህ አንክሮ በምትለው ቃል ላይ ነው። አንክሮ መደነቅ ነው፤ መደነቅም የሚደነቅ አካል ይፈልጋል። ስንዴው ለምግበ ሥጋ ነው ብንል የሚበላው ሰው አለ፤ ፀሐይና ጨረቃ ለተዘክሮ ናቸው ብንል በእነርሱ ዘመን የሚቈጥር ሰው አለ። ሰው ያልደረሰባት እንቁራሪት ግን ማንን ታስደንቅ ነበር?

ለዚህ ከመመለሳችን በፊት ውበት የምንለው ነገር በዚህች ፍጥረት ላይ እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ይገባል፤ አሠራሩን ሳያውቁ ትርጉሙን ለመናገር መቸኰል አይበጅምና። በብዙ እንቁራሪቶች ቆዳ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ቢፈለግ አይገኝም። በቆዳቸው ውስጥ ሦስት ዓይነት ጥቃቅን ሕዋሳት ተደራርበዋል፤ ከላይ ያሉት ቢጫ ቀለም የያዙ ናቸው፤ መካከለኞቹ ቀለም የላቸውም፥ ነገር ግን እንደ መስተዋት ብርሃንን ይመልሳሉ፤ የታችኞቹ ጥቁር ናቸው። ብርሃን በገባ ጊዜ መካከለኞቹ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሱታል፤ እርሱም በቢጫው ውስጥ ሲያልፍ ለዓይን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ የቀረውን ጥቁሩ ይውጠዋል። አንዲት ጣት በማታህል ፍጥረት ላይ ቢጫና ሰማያዊ ብርሃን ተገናኝተው ቅጠል ይመስላሉ።

ያች ቀይ ዓይን ያላት እንቁራሪት ቀን ስትተኛ የጎንዋን ሰማያዊና የእግርዋን ብርቱካናማ ቀለም ሰብስባ ከሰውነትዋ በታች ትሸሽገዋለች፤ ዓይንዋንም በስስ ሽፋን ትከድነዋለች። ያን ጊዜ የሚታየው አረንጓዴው ጀርባዋ ብቻ ነውና ከተኛችበት ቅጠል አትለይም። ጠላት ቢነካት ግን ቀዩን ዓይንዋን በድንገት ትገልጣለች፥ የተሸሸገውንም ቀለም እያሳየች ትዘላለች፤ አዳኙ ለአንድ አፍታ ሲደነግጥ እርስዋ ታመልጣለች ብለው የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ያስባሉ። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች የሚኖሩ ሌሎች ትናንሽ እንቁራሪቶች ደግሞ ቀለማቸውን ፈጽሞ አይሸሽጉም፤ ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ ሆነው በቀትር ይዘዋወራሉ። እነዚህ መርዛም ናቸው፤ ቀለማቸውም የሚበላቸውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው። መርዙን የሚያገኙት ከሚበሏቸው ጉንዳኖችና ከሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ በሰው እጅ ሌላ ምግብ እየበሉ ያደጉት መርዝ የላቸውም። ነገሩን በደንብ ላስተዋለው ይህ ማስጠንቀቂያ እንቁራሪቷን ብቻ ሳይሆን ጠላትዋንም ከሞት የሚያድን ነው።

የሌሊቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ሰው በጨለማ ቀለም አይለይም፤ መብራት ከሌለ ቀዩም ሰማያዊውም ለእኛ አንድ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2017 በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፥ እንቁራሪቶች ሰው ምንም በማያይበት ጨለማ ውስጥ ቀለምን ከቀለም ሊለዩ እንደሚችሉ አስረድተዋል። ስለዚህ ያ ደን በሌሊት ቀለም የሌለው የሚመስለው ለእኛ ነው እንጂ በውስጡ ለሚኖሩት አይደለም። ስለ ማንም ሳያየው ያለፈ ውበት ስንናገር፥ ማንም የምንለው ሰውን ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ይህን የሰማ አንድ ሰው፥ ነገሩ ተፈታ፤ ቀለሙ ከእባብና ከወፍ ለመዳን፥ ከወገንም ጋር ለመተዋወቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። እንዲህ የሚለው ሰው የደወልን ድምፅ ሰምቶ፥ ይህ የመዳብና የቈርቈሮ ቅይጥ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው ብሎ ዝም እንዳለ ሰው ነው። የተናገረው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዲያቆኑ ደወሉን ለምን እንደ ደወለ አልነገረንም። አሠራሩ ምክንያቱን አያስቀረውም፤ ምክንያቱም አሠራሩን ከመመርመር አይከለክልም።

በሌላ ወገን ደግሞ የሃይማኖት ሰው ነኝ የሚል ችኩል መልስ አለ። ይኸውም፥ እንቁራሪቷ እስከ ዛሬ ተሸሽጋ የቆየችው አንድ ቀን በሥዕል ተነሥታ በእኛ ዓይን ፊት እንድትቀርብ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ መንፈሳዊ ይምሰል እንጂ በውስጡ ትዕቢት አለበት፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ገዢ እስኪመጣ ድረስ እንደ ተቀመጠ የነጋዴ ዕቃ ያደርገዋልና። እንደዚያስ ከሆነ ሳትታይ የሞተችው እንቁራሪት ሁሉ የከሰረ ዕቃ መሆንዋ ነውን?

መጽሐፍ የሚለው ግን እንዲህ አይደለም። የሐሙስ ፍጥረት መልካም እንደ ሆነ የተመሰከረለት በዚያው በሐሙስ ዕለት ነው፤ አዳም ግን ገና አልተፈጠረም ነበር። ዐርብ እስኪመጣ፥ ሰውም ዓይኑን ገልጦ እስኪፈርድ ድረስ ምስክርነቱ አልዘገየም። ከዚህም በላይ፥ ቤተ ክርስቲያናችን መላእክት በዕለተ እሑድ እንደ ተፈጠሩ ታስተምራለችና፥ በሐሙስ ሥራ የሚደነቅ ፍጥረት አልታጣም። አንክሮ የሰው ዕድል ፈንታ ነው፤ የሰው ብቻ ርስት ግን አይደለም። እኛ ወደ ተጀመረ ምስጋና ዘግይተን የገባን ነን።

ጻድቁ ኢዮብም በመከራው ጊዜ የሰማው መልስ በዚህ ነገር ላይ ብርሃን ይሰጣል። ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን አጥቶ፥ ቈስሎም ተቀምጦ ምክንያቱን ሲጠይቅ፥ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ የመጣለት ቃል ስለ እርሱ መከራ አንዳች አልገለጸለትም። የተነገረው ስለ ዱር ፍየሎች መውለድ፥ ስለ ምድረ በዳ አህያ፥ ስለ ሰጎን፥ ሰውም በማይኖርበት ምድር ላይ ስለሚዘንመው ዝናም ነው። ያዘነ ሰው ምንም በማይመለከቱት ፍጥረታት ሲጽናና ማየት እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ኢዮብ ከዚህ በኋላ አፉን በእጁ ከደነ። እርሱ ባላየው፥ ባልጠየቀው፥ ባልተጠቀመበትም ስፍራ ሁሉ ጌታው እየሠራ መሆኑን መስማቱ ጠቀመው። እንግዲህ የማይታየው ፍጥረት ለሰው ነው ስንል እንዲህ ባለ መንገድ ጭምር ነው፤ ዓይናችንን ለማስደሰት ሳይሆን ልካችንን ለማሳወቅ።

በአገራችን ያለ ሰው ይህን ለመረዳት ከሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያን የምትሠራው ለምእመናን ነው፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ የከበረው ነገር ከመጋረጃ በስተ ውስጥ ነው፤ ምእመናንም አያዩትም። ሰባ ዓመት ሙሉ ያስቀደሰች እናት ከመንበሩ በላይ ያለውን ሳታይ ታልፋለች፤ ስላላየሁት ለእኔ አልሆነም ብላም አታውቅም። እንዲያውም ለእርስዋ የሆነው እንዳይታይ ተደርጎ በመከበሩ ነው። የምናነጻጽረው ክብርን ከክብር ጋር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከእኛ ይራቅ። የምንለው፥ ለሰው መሆን ማለት ለሰው ዓይን መሆን ማለት እንዳልሆነ የመጋረጃው ልማድ ያስተማረን ሕዝብ ነን ነው።

የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፥ ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሲወጣና ሲወድቅ፥ ደግሞም ሲወጣ እንዳየ፥ በመጨረሻም እንደ ተሳካለት፥ ከዚህም ትዕግሥትን ተምሮ እንደ ተመለሰ ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ትሉ ዛፍ የወጣው ያሬድን ለማስተማር አልነበረም፤ የሚበላውን ፍለጋ ነበር። ያሬድ በዚያ ባይቀመጥም ኖሮ ትሉ ከመውጣት አይቀርም ነበር፤ ብዙ ትሎችም ማንም ሳያያቸው ወጥተዋል። ትምህርት ሊሆን የቻለውም ትሉ የራሱን ሥራ በእውነት በመሥራቱ ነው። ለመታየት ብሎ የሚወጣ ትል ቢኖር ኖሮ ያሬድ ከእርሱ የሚማረው ግብዝነትን ነበር።

የዛፍ እንቁራሪቷም እንዲሁ የራስዋ ሥራ አላት። እንቁላልዋን ከኩሬ በላይ በተንጠለጠለ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ሽሎቹ ሲደርሱ ወደ ውሃው ይወድቃሉ። ካረን ዋርከንቲን የተባለች ተመራማሪ በፈረንጆች 1995 እንዳስታወቀችው፥ እባብ መጥቶ እንቁላሎቹን መብላት ሲጀምር፥ የቀሩት ሽሎች ቀናቸው ሳይደርስ ከእንቁላሉ ወጥተው ወደ ኩሬው ይወድቃሉ። በኋላ በተደረጉ ምርምሮች እንደ ታወቀው፥ የእባብን መናጥ ከዝናም ጠብታ ይለያሉ፤ ዝናም ሲመታቸው ግን ጸጥ ብለው ይቆያሉ። እናታቸው በአጠገባቸው የለችም፤ ይህንንም ያስተማራቸው የለም።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ሩቅ አገር ነው። አሁን ወደ ጠያቂዎቻችን ሠፈር እንመለስ፤ በጥያቄያቸው ውስጥ አንድ ያልተናገሩት ነገር አለና። የአሜሪካውን እንቁራሪት በሥዕል አይተው ተደነቁ፤ ክረምት በገባ ቍጥር ከእንጦጦ በሚወርደው ውሃ ዳር፥ በየቦዩና በየሣሩ ውስጥ ሌሊቱን ሲጮኽ የሚያድረውን ግን አልጠየቁም። ይህ የእነርሱ ብቻ ነገር አይደለም። በእኛ ዘንድ እንቁራሪት መናቂያ ናት፤ በተረት እንኳ ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተሰነጠቀች እየተባለች ትዘበትባታለች።

ነገር ግን የዛፍ እንቁራሪት ወገን በአገራችንም አለ። ሌፕቶፔሊስ የሚባለው የአፍሪካ የዛፍ እንቁራሪቶች ነገድ በኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ባሉት የቡና ደኖች፥ በከፋና በኢሉባቦር በኩል የሚኖሩት እንደ ወገኖቻቸው ዛፍ ይወጣሉ። በደጋው ሣር ላይ የሚኖረው ግን ሌላ ጠባይ ይዟል። ሊቃውንቱ ግራሚኔውስ ብለውታል፤ በላቲን ቋንቋ የሣር ማለት ነው። ይህ እንቁራሪት ከዛፍ እንቁራሪት ነገድ ሲሆን ዛፍ አይወጣም፤ ወገኖቹ ቅጠል የሚይዙበት የጣት ጫፍ መዳፍ በእርሱ ላይ የለም፤ በዛፍ ፈንታ መሬት ይቈፍራል። ዛፍ በሌለበት ብርዳማ ሜዳ ላይ የዛፍ ዘር ሆኖ መኖርን ያወቀበት ነው። መልኩ አንዳንዱ አረንጓዴ አንዳንዱ ቡናማ ነው፤ የሚኖረውም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይደለም። በጎጃም ደጋ ደግሞ ሌላ ዘመድ አለው፤ ማልኮልም ላርገን የተባለው እንግሊዛዊ፥ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ተመራማሪ፥ በፈረንጆች 1977 ለይቶ ጽፎታል። ይኸው ሰው በ1974 በእንሰት ስም የሰየመውን ትንሽ እንቁራሪትም ገልጿል። የዚያ ነገድ እንቁራሪቶች ቅጠል አጥፈው በማጣበቅ እንቁላላቸውን በውስጡ ይሸሽጋሉ።

እነዚህን ስሞች ስንጠራ አንድ ነገር ሳያሳስበን አልቀረም። የአገራችን የዛፍ እንቁራሪቶች የአንዱ ስም በሸዋ ልጥ ማረፊያ ከነበረው ከጣሊያናዊው ሐኪም ከራጋዚ የተወሰደ ነው፤ የሌላው ከቦቴጎ ጋር ከመጣው ከቫኑቴሊ፤ የጎጃሙም ያልደን ከተባለ እንግሊዛዊ። ዊንጌትም ቢሆን ስሙን ያገኘው በፈረንጆች 1946 በዚያ ከተከፈተው ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱም በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በኦሜድላ ከገባው እንግሊዛዊ መኰንን። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ላየና ለደከመ ሰው ስም ማውጣት ይገባዋል። ነገር ግን አዳም ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ እንስሳትን በየስማቸው መጥራት ነበር፤ እኛ ልጆቹ በዚህ ሁሉ ፍጥረት ላይ እንቁራሪት፥ ጓጉንቸር፥ ጉርጥ ከሚሉት በቀር እምብዛም ስም አላወጣንም። በግዕዙም ቈርነናዓት ነው። ሌሎች በየቋንቋቸው ከ60 በላይ አድርገው የቈጠሩትን የአገራችንን የውሃና የየብስ ፍጥረት፥ እኛ በሦስት ስም ጠቅልለነዋል።

እንቁራሪት በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠራችው ለመቅሠፍት ነው የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ በግብጽ ላይ ሁለተኛው መቅሠፍት እርስዋ ነበረች፤ በራእየ ዮሐንስም ርኩሳን መናፍስት በእርስዋ ተመስለዋል። ምሳሌው ግን በምሳሌነቱ መያዝ አለበት። እባብ ለዲያብሎስ ምሳሌ ሆኖ ሳለ ጌታ ለጥበብ ምሳሌ አድርጎታል፤ አንበሳም እንዲሁ ለክፉውም ለመልካሙም ተመስሏል። በግብጽ ደግሞ ልቡን ያደነደነው ፈርዖን ነው፤ እንቁራሪቶቹ የታዘዙትን ፈጽመዋል። ከምድጃና ከመኝታ ቤት ገብተው፥ በቃ በተባሉ ጊዜም አቁመዋል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ታዛዡና ዐመፀኛው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ስላይደለ ነው። ባላየሁት ነገር ውስጥ ውበት የለም፥ ያላየሁትም ቢጠፋ ምንም አልጐደለኝም የሚል ሐሳብ በሰው ልብ ሲያድር በምድር ላይ ፍሬ ያፈራል። በኮስታ ሪካ አገር በሞንቴቬርዴ ተራራ ላይ ወንዱ እንደ ወርቅ የሚያበራ ብርቱካናማ ጉርጥ ነበር። ጄይ ሳቬጅ የተባለ ሊቅ በፈረንጆች 1964 ባየው ጊዜ በቀለም የተነከረ እንጂ ሕያው ፍጥረት አልመሰለውም ነበር። በ1989 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ፤ በ2004 ፈጽሞ የጠፋ መሆኑ ታወጀ። የሊቃውንት ዓይን በእርሱ የተደነቀው 25 ዓመት ብቻ ነው። በፓናማ ይኖር የነበረ አንድ የዛፍ እንቁራሪት ዓይነት ደግሞ በ2008 ስም ከወጣለት በኋላ፥ በዓለም ላይ የታወቀው የመጨረሻው በአትላንታ ከተማ የዕፀዋት ሥፍራ ውስጥ ብቻውን ኖሮ በ2016 ሞተ። ይህ የቀለም ጌጥ የሌለው ቡናማ ነበር። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፥ የሚሰማው አንድም ወገን ሳይኖር ሲጮኽ ድምፁ ተቀድቷል።

ለዚህ ጥፋት ከምክንያቶቹ አንዱ ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ ነው፤ እንቁራሪት ውሃና አየር የምትስብበትን ቆዳዋን ያጠቃል። በ2019 በወጣ ጥናት በዚህ ደዌ ቢያንስ 501 ዓይነቶች ቍጥራቸው እንደ ቀነሰ፥ ከእነዚህም 90ው እንደ ጠፉ ተገምቷል። ደዌው በኢትዮጵያም ተገኝቷል። በባሌ ሐሬና ደን ብቻ የሚኖሩ፥ በ1989 እና በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጹ ሁለት ዓይነቶች ዛሬ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ተቈጥረዋል። በባሌ ግን ከደዌው ይልቅ የሚፈራው የደኑ መመንጠርና የከብት መብዛት ነው። ለእርሻና ለግጦሽ የሚደክመውን ገበሬ በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ልጆቹን መመገብ አለበትና። የሚወቀስ ካለ፥ ሌላ መንገድ ለመምረጥ አቅም ያለው፥ ነገር ግን ረግረግን ሁሉ ባዶ ቦታ ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። በከተማችንም ስንት ጨፌ በድንጋይና በአፈር ተደፍኗል።

አባቶቻችን ስለ እንቁራሪት አልጻፉም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ዛፍ እንዳይቈረጥ ጠብቀዋል፤ በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ ደን የቀረው በአጥቢያዎቹ ቅጥር ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ይህን አጥንቷል፤ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመተባበርም በብዙ አጥቢያዎች ደኑ በድንጋይ ካብ እንዲታጠር ደክሟል። አባቶች ደኑን የጠበቁት በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነፍሳት ቈጥረው አይደለም፤ በውስጡ ምን እንዳለ ባያውቁም የእነርሱ እንዳልሆነ ግን ያውቁ ነበር።

ጠያቂዎቻችን በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ምን እናድርግ ብለዋልና ይህን ብቻ እንጨምር። ከዊንጌት በላይ፥ በተራራው ወገብ፥ ወደ 700 ሄክታር የሚሆን የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አለ፤ ፈቃድ ጠይቆ ከመምህር ጋር መሄድ ይቻላል። እንቁራሪትን በደረቅ እጅ መንካት ቆዳዋን ይጎዳዋል፤ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላ ማዛወር፥ ጭቃ የያዘ ጫማም ሳያጥቡ ከውሃ ወደ ውሃ መሄድ ደዌውን ያጋባል። የአሜሪካዎቹ ከቅጠል ላይ እንቁላል ሲጥሉ፥ ሌፕቶፔሊሶቹ በውሃ ዳር ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀብራሉና፥ የቦዩን ዳር በክረምት አለመቈፈር ይሻላል። ድምፃቸውን ለመስማት የሚሻለው ጀምበር ከገባች በኋላ፥ ዝናሙ ጋብ ሲል ነው፤ ሰው ሲቀርብ ዝም ይላሉ፥ ጸጥ ብሎ ለቆመ ግን ጥቂት ቆይተው እንደገና ይጀምራሉ።